የማርዙቅ ገመድ

የማርዙቅ ነፍስ እጄ ላይ ናት። እሱ እንቁ ፍለጋ ባህሩ ሥር ይወርዳል፤ እኔ ጀልባው ላይ ቆሜ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ እይዛለሁ። ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ወዝወዝ ያደርጋል፣ እኔ ጎትቼ አወጣዋለሁ። ከዘገየሁ አለቀለት።

እኔም ጠላቂ ልሆን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬ ደም ተፋና ቀረ። እና ወደ ከተማችን ሙሐረቅ ስንመለስ ሴቶቹ ወደቡ ላይ እልል የሚሉት ለእሱ ነው። ለገመድ ጎታች ማን እልል ይላል? አምና የጣፋጩ የሐላዋ ሠሪው ልጅ ሙዛ "ማርዙቅ!" ብላ ስትጮህ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ጥርሴን ሁሉ አስጥቼ። ዞር ብላም አላየችኝ።

አንጀቴ እርር ስላለ ሲጠልቅ አፍንጫውን የሚዘጋበትን መቆንጠጫ የሩዙ ድስት ውስጥ ደበቅኩበት። አለቃችን ቡ ጋኒም በጥርሱ አገኘው። ጀልባው በሙሉ ሳቀ፣ ማርዙቅም ጭምር። አለመናደዱ ነው እኔን የሚያናድደኝ!

ዛሬ ጠዋት እግሩን መስመጫው ድንጋይ ላይ እያደረገ፣

"ሱሩር፣ ስንመለስ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለኝ።

"የማን ቤት?"

"የሙዛ። አንተም አብረህ ትሄዳለህ። ያ ምላስህ ለሌላ ምን ይረባል?"

"ሐላዋቸውን ጨርሼባቸው እመጣለሁ!"

እየሳቀ ወረደ።

ገመዱ በእጄ ሮጦ ሮጦ ቆመ። እኔ ሙዛን በአረንጓዴ የሙሽራ ቀሚስ እያየኋት ነው። ገመዱ ተወዛወዘ።

አልጎተትኩም። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንደ እብድ ጎተትኩት።

አፍንጫው ደም፣ ዓይኑ በርበሬ ሆኖ ወጣ። መቅዘፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ሳል አጣደፈው።

"ምን ሆነ?" ብሎ ቡ ጋኒም ጮኸ።

ገመድ ያዘገየ ሰው ዕድሜ ልኩን ጀልባ አይረግጥም።

"ገመዱን ድንጋይ ይዞት ነው" አለ ማርዙቅ። ቀጥሎ ለእኔ ብቻ፣ "ስንት ቆጠርክ?"

"ሦስት።"

"ሁለተኛ እንዳትቆጥር።"

ሌላ ጎታች ይጠራል ብዬ ስጠብቅ፣ "ያዝ እንጂ!" ብሎኝ ወረደ። በዚህም በለጠኝ፣ የተረገመ!

ገመዱን እንደዚያ አጥብቄ ይዤ አላውቅም። ትንሽ ነካ ያደረገው ሲመስለኝ ላጥ አድርጌ አወጣሁት።

"ገና መድረሴ እኮ ነው!" አለ ባዶ ቅርጫቱን እያሳየኝ። "አንተ ጅል፣ በምን ልዳር ነው?"

"አትዳራ!" አልኩት።