ከበሮው ዝም ሲል

ሚቺኖ ካንባራ አንድ ካሜራ ለመምረጥ ሾዳ ሱቅ መመላለስ ከጀመረች ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዝናብ በማይለያት የጃፓን ከተማ በካናዛዋ «ምሳህን ብትረሳም ጃንጥላህን አትርሳ» ሲባል ያላደገ ሰው የለም። እሷ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን ስትሰማ ኖራ፣ በዚያ ጠዋት ጃንጥላዋን ቤት ትታ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባች። ሾዳ ፎጣ አቀበላት። ከዚያም ሳትጠይቀው ሁለቱን ካሜራዎች ከመስታወት ሳጥኑ አውጥቶ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«እትዬ ሚቺኖ፣ እነዚህ እኮ ለመዱዎት። ትናንት ሌላ ደንበኛ ሊያያቸው ቢል ሁለቱም ባትሪያቸው አልቆ ተገኙ። አኩርፈው ነው።»

«ቀልድህን ተወው! ሁለቱንም እንደ ሙሽራ እየኳልክ ታቀርብልኛለህ፤ የማገባው አንዱን ነው።»

«ቀን ይቁረጡልኛ ታዲያ!»

«ቀኑማ ተቆርጧል። እሑድ ነው።»

እሑድ የኔታ ጌንሳኩ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ይወጣሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ኖ የተባለውን የጃፓን ጥንታዊ የጭንብል ተውኔት መጫወት የጀመሩት በሰባት ዓመታቸው ነው ይባላል። ሚቺኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ ስታነሣቸው የምትቀመጠው አዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ ነበር። ለዚህ እሑድ ግን ከመድረኩ ምሰሶ ሥር እንድትቀመጥ ራሳቸው ፈቀዱላት። እዚያ ቦታ ፎቶ አንሺ ተቀምጦ አያውቅም። ማስጠንቀቂያቸው አጭር ነበር፦ «አንዲት ቀጭ የምትል ድምፅ ከሰማሁ ተነሥተሽ ትሄጃለሽ።»

ቀጥለው ደግሞ ያልገባትን ነገር ተናገሩ።

«ፎቶዎችሽን እወዳቸዋለሁ። ግን በሁሉም ላይ ድንገት ሰው የጠራኝ እመስላለሁ። እኔ መድረክ ላይ ራሴን አይቼ አላውቅም፤ ከጭንብሉ ውስጥ ምሰሶዎቹን ማየት ከቻልኩ ትልቅ ነገር ነው። እስቲ ከመሞቴ በፊት፣ ማንም ሳይጠራኝ ምን እንደምመስል አሳይኝ።»

ሚቺኖ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። በመጨረሻም ጥፋቱን ካሜራዋ ላይ ጣለችው። ቀርፋፋ ቢሆን ነው አለች፤ ፈጣን ያስፈልገኛል፣ ያውም ድምፅ የሌለው።

አሮጌው ካሜራዋ ሆዱ ውስጥ መስታወት አለው። ፎቶ በተነሣ ቁጥር መስታወቱ ብድግ ይልና «ቸክ!» ይላል። በኖ አዳራሽ ውስጥ ይህ ድምፅ ጥፊ ነው። ስለዚህ ከፍራሽ ጥጥ ኮት ሰፍታ አልብሳዋለች። ኮቱ ብቻውን ስላልበቃ ደግሞ አንድ ዘዴ ለመደች። ከበሮ መቺው «ዮ—ሆ!» ብሎ እጁን ሲያነሣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እጁ ከበሮው ላይ ሲያርፍ ቁልፉን ትጫናለች። የካሜራው ድምፅ ከከበሮው ድምፅ ሥር ይቀበራል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴም ስታ አታውቅም። የመድረኩ ሙዚቀኞች አራት ስለሆኑ ከበሮ መቺዎቹ ራሳቸው «አምስተኛዋ ሙዚቀኛችን» ይሏታል፤ ይህም የማይካድ ሙያ ነው።

አሁን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ የተቀመጡት ሁለቱም መስታወት የላቸውም። ውስጣቸው ብድግ የሚል ነገር ስለሌለ ድምፅ የማጥፋት ጉዳይ አልቋል። የቀረው ከጥቁሩና ከግራጫው አንዱን መምረጥ ነው።

«በጥቁሩ እንጀምር» አለ ሾዳ። «በሰከንድ ሠላሳ ፎቶ ያነሣል። ሠላሳ! እኔ በሰከንድ አንድ ጊዜ እንኳ ማሰብ ያቅተኛል።»

ሚቺኖ ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ የልምምድ ጭንብል አውጥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ካሜራውን ገና ወደ ጭንብሉ ስታዞር አንዲት ቢጫ ሳጥን የእንጨቱ ዓይን ላይ ሄዳ ዐረፈች። ሚቺኖ ወደ ግራ ስትሄድ ሳጥኗም ዓይኑን ሳትለቅ ተከተለች።

«ይዩልኝ! ሰው መስሎታል» አለ ሾዳ።

«ጠራቢው ነዋ ያታለለው። መቶ ዓመት ቀድሞ ያታለለው!» ጭንብሉንም ካሜራውንም የሠሩትን እጆች እኩል አደነቀች። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ምሳው ምን ይሆን ብላ አሰበች።

ሾዳ የወረቀት ማራገቢያ አንሥቶ በኃይል አወዛወዘ። በጥቁሩ ፎቶ ላይ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ተገኘ። በግራጫው ላይ ግን እንደ ማጭድ ጎብጦ ወጣ።

«አዩት አይደል? ግራጫው ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ ያየውን እንደ ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። አንብቦ ሳይጨርስ ማራገቢያው ቦታውን ይለቃል።»

«ታዲያ ይህን ለምን ታቀርብልኛለህ?»

«ለዚህ ነዋ።» ግራጫው ያነሣውን የጭንብል ፎቶ አጉልቶ አሳያት።

ሚቺኖ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለች። ያ ጭንብል ሃያ ዓመት ቤቷ ተሰቅሎ የኖረ ነው። ጉንጩ ላይ የቀቢው ብሩሽ ያለፈበት መስመር፣ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አገጩ ሥር ጥላ ነው ብላ የተወችው ቦታ ባዶ ጨለማ አልነበረም፤ ድሮ የነካው ሰው አውራ ጣት አሻራ እዚያ ተቀምጧል። በጥቁሩ ፎቶ ላይ ያው ቦታ ጥላ ብቻ ነበር።

«ጥቁሩ ይሮጣል፣ ግራጫው ያያል» አለ ሾዳ። «ለእርስዎ ሥራ ግን ጥቁሩ ነው። ለኖ ፎቶ አንሺ ማራገቢያ የሚያጎብጥ ካሜራ ሸጬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞ ጥቁሩ ዋጋው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ያውቁኛል።»

ታውቀዋለች። በሃያ ዓመት ውስጥ «ይህ አይሆንዎትም» ብሎ የመለሳት የሸጠላትን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ ያለበት ከተማ ዝናቡም አይከፋም።

«በል ለማንኛውም ከበሮ ምታልኝ። እንደ ዕለቱ ልሞክረው።»

የሾዳ አባት አትክልተኛ ነበሩ፤ ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ ሲቆርጡ የኖ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። ልጃቸውም ምቱን ያውቀዋል። «ዮ—ሆ!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ዝም አለ፤ ቆየ፤ ደግሞ መታ። ሚቺኖ በጥቁሩ አንድ በአንድ አነሣችው። ሲጨርሱ ሾዳ ፎቶዎቹን ያይ ጀመር፤ እያየም ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ስንቴ መታሁ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ።»

«አሥራ ሁለት። ፎቶውም አሥራ ሁለት ነው። ካሜራው እኮ ድምፅ የለውም! እጄን ለምን ይጠብቃሉ?»

«ማን ጠበቀ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለና ካሜራውን አዞረላት።

በአሥራ ሁለቱም ፎቶዎች ላይ የሾዳ መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። በአሥራ ሁለቱም ላይ የዓይኑ ቆብ ደንገጥ ብሏል፣ አንገቱ ሰበር ብሏል። ድንገት ሰው የጠራው ይመስላል።

ሚቺኖ ፎጣውን ፊቷ ላይ ያዘች። የኔታ የነገሯት ይህንን ነበር፤ የሚጠራቸው ከበሮው ነው። ሰው የኖ ተውኔት ለማየት የሚመጣው በሁለት ምት መካከል ላለችው ዝምታ ነው፤ ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። እሷ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድም ፎቶ አላነሣችም። ሙያዬ ብላ ስትኮራበት የኖረችው ነገር ዓይኗን ሸፍኖት ነበር፤ አፈረች፣ እንባዋም መጣ። ሾዳ መነጽሩን እየጠረገ አላየ መሰለ።

«ግራጫውን ጠቅልልልኝ» አለች በመጨረሻ።

«ምን? ማራገቢያውስ?»

«እኔ የምፈልገው ሲቆሙ ነው። የቆመ ሰው አይጎብጥም።»

«ጣትዎስ? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! እሑድ ከበሮው ሲመታ ጣትዎ ቢቀድምዎትስ? ጥቁሩን ቢይዙ፣ ቢሳሳቱም ፎቶው ይተርፋል። በግራጫው ግን ባዶ እጅዎን ነው የሚወጡት። ሌላ እሑድ ደግሞ የለም።»

«ለዚህ ነው ጥቁሩን የማልወስደው። ስህተቴን የሚሸፍንልኝ ካሜራ ከያዝኩ ያንኑ ልማዴን ይዤ እሞታለሁ።»

 ሾዳ ሳይከራከር ግራጫውን ጠቀለለ፤ የራሱን ጃንጥላም ጨመረላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚቺኖ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች። የኔታ እጅግ ያረጀች ሴት ሆነው ገቡ፤ ነጭ ካልሲያቸው ወለሉን ሳይለቅ ይንሸራተታል። ሚቺኖ ከቅርብ አየቻቸው። ጉልበታቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ መሆናቸውን ታውቃለች፤ መድረኩ ላይ ግን የሚንቀጠቀጥ ነገር አልነበረም። «ዮ—ሆ!» አለ ከበሮ መቺው፤ ከበሮው ተመታ፤ የሚቺኖ ጣት ያለ ፈቃዷ ተጫነ። ድምፅ አልወጣም፤ በየኔታ እጅ ያለው ማራገቢያ ግን እየተወዛወዘ ነበር። ሳታየው ጎብጦ ታያት። ቆይቶ ሁለተኛ ምት ተመታ፤ ጣቷ ደገመ። «ይቆረጥ ይህ ጣት!» አለች በልቧ።

ከዚያ የኔታ መድረኩ መሃል ላይ ቆሙ። አሮጊቷ ወጣትነቷን የምታስታውስበት ቦታ ነው፤ ማስታወሷም መቆም ብቻ ነው። ከበሮ መቺው እጁን አንሥቶ አየር ላይ አቆየው። ሦስት መቶ ሰው ዝም አለ፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ሚቺኖ ጣቷ የከበሮውን ምት እንደ ፈቃድ እየጠበቀ መሆኑን ዐወቀች። በዚህ ዝምታ ውስጥ ቁልፍ መጫን ለሠላሳ አንድ ዓመት የነውር ነውር ነበር። ድምፅ የለውም፣ ድምፅ የለውም እያለች ለራሷ ነገረችው። ተጫነች።

ምንም አልተሰማም። የኔታም አልተነቃነቁም። ከዚያ በኋላ ከበሮው ሲመታ ጣቷ ዐርፎ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄደች። የኔታ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው መንደሪን ይልጣሉ።

«ስንት አነሣሽ?»

«ሦስት፣ የኔታ።»

«ሦስት ብቻ? ድሮ ሁለት መቶ ታመጪ የለም እንዴ!»

«ሁለቱ ደግሞ ተበላሽተዋል። ማራገቢያዎን አጎበጥኩት።»

የኔታ የጎበጠውን ማራገቢያ ሲያዩ መንደሪኑ እስኪወድቅ ሳቁ። «እንደኔው ጎብጧል!» አሉ። ሦስተኛውን ስትሰጣቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሏት፤ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ሚቺኖ ምን ይሉ ይሆን ብላ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«እዚህ ላይ ማንም አልጠራኝም» አሉ።

«ማንም አልጠራዎትም፣ የኔታ።»

ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ እግራቸው ወለሉን ከነካበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ለካ እንዲህ ነው የምቆመው።»