የጋሽ ሎሚ ሊጥ

ፍሪጁን ከፈተችው፣ ዘጋችው። ሳሎን ገብታ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀመጠች፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ተነሳች። ሻይ የያዘውን ሰው «ሻይ ቀረበልህ?» ብላ ጠየቀችና ተመልሳ ወጥ ቤት ገባች። ፍሪጁን ከፈተች።

ሊጡ እዚያው ነበር። ባሏ በመጨረሻው ምሽት አሽቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ ያስቀመጠው የብስኩት ሊጥ። «ይረፍ፤ ጠዋት እጋግረዋለሁ» ብሎ ተኛ። ጠዋት አልነቃም።

«እማ፣ ተይው እንጂ» አለች ልጇ በሩ ላይ ቆማ። «ትናንትም ስትከፍቺ ስትዘጊ ዋልሽ።»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«በረዶ ቤቱ ውስጥ እናስገባው። ለዘላለም ይቀመጣል።»

«ቅቤ እኮ አለበት፤ ለዘላለም የሚቀመጥ ቅቤ የት አየሽ?»

ከጋገረችው ይበላል፤ ከተበላ አለቀ። ካልጋገረችው ደግሞ ይሻግታል። ባሏ ብስኩት በሚሸጥበት ሱቅ የነበረውን ሁሉ ቀብር የመጣው ሰው ጨርሶታል። ከእጁ ሥራ የቀራት ይኸው ብቻ ነው።

ከሳሎን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ድምፅ ይሰማል። «ጋሽ ሎሚ ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ሱቄ ብርቱካን ብርቱካን ሲሸት ነው የሚውለው። ደንበኞቼ ‹ሽቶም ጀመርክ እንዴ?› ይሉኛል!» ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ዝም አለ።

ባሏን ጋሽ ሎሚ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሲፍቅ ስለሚውል ሽታው ከጣቱ አይለቅም። ድሮ ሆቴል ውስጥ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን አለቃው ተራ የቅቤ ብስኩት ቢያዘው ጦስኝ ጨመረበት። እንግዶቹ «ሣር አለበት» ብለው መለሱት። እሱም ትሪውን ታቅፎ፣ እየሳቀ ቤት ገባ። «እኔንም ብስኩቱንም አንድ ላይ አባረሩን!» እሷ ያኔ ይህችኑ ልጅ አርግዛ፣ ምግብ አልረጋ ብሏት ነበር። ትሪውን ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥርግ አድርጋ በላችው። «በቃ» አላት፣ «አንድ ደንበኛ ካለኝ ሱቅ መክፈት እችላለሁ።» ከፈተም።

አዲስ ለቀስተኛ ተቀብላ ስትመለስ የባሏ ታላቅ እህት ፍሪጁን ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ሊጡ የለም።

«እትዬ፣ እዚህ የነበረውስ?»

«ያ የሻገተው? አረንጓዴ አረንጓዴ ጣል ጣል ብሎበት! በሐዘን ላይ በሽታ ልትጨምሪ ነው? ጣልኩት።»

«ጦስኝ ነው እኮ!»

«ምን?»

ቆሻሻ መጣያው ላይ ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። የሻይ ቅጠሉን፣ የሽንኩርት ልጣጩን ወዲያ ወዲህ ገፋችና ፌስታሉን አወጣችው። ቋጠሮው አልተፈታም።

እትዬ አፋቸውን ያዙ። «ወይ ጉዴ! የወንድሜን እጅ ሥራ?»

«አላወቁም፣ እትዬ።»

«ከየት ልወቀው? ‹ቅጠል ፍየል ይብላ› እያልኩት አንድ ቀን ቀምሼለት አላውቅም።»

አየቻቸው። ፊታቸው ቁርጥ የእሱን ይመስል ነበር። ሄደችና ምድጃውን ለኮሰች።

ልጇ ሮጣ መጣች። «እማ፣ ያልቃል!»

«ይለቅ። ቆሻሻ ውስጥ ከሚያልቅ አፍ ውስጥ ይለቅ።»

ሊጡን ፈታችው። ላዩ ላይ የጣቶቹ ጉድጓድ አለ። ከዳር ጀምራ ቆራረጠች፤ ቢላዋው ጣቶቹ የተጫኑበት ቦታ ሲደርስ እጇ ቆመ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እሷ ትንፋሿን ያዘችና ቢላዋውን ጫነችው።

ሽታው ከምድጃው ወጥቶ ሳሎን ሲደርስ ወሬው ተቋረጠ። ልብስ ሰፊው፣ ጋሽ ሎሚ የገባ ይመስል፣ ከወንበሩ ተነሳ።

ትሪውን በመጀመሪያ ለእትዬ አቀረበች። ቆረሱ፣ አኘኩ።

«ለካ ፍየሏ እኔው ነኝ» አሉ፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው።

ትሪው ዞረ። ብስኩቱ አለቀ። እሷም የራሷን ድርሻ ይዛ፣ እዚያው ከሰዎቹ መሃል ተቀምጣ በላች።

«ውሃ ላምጣልሽ፣ እማ?» ልጇ ብርጭቆውን ሰጠቻት።

ጥርሷ መሃል አንዲት የጦስኝ ቅጠል ቀርታለች። በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ውሃውን ሳትጠጣ ጭኗ ላይ ያዘችው።