በስልክ የምትመረመር ሞተር

"ካቻቢቴውን ትንሽ ወደ ግራ በለው።"

ቆጣሪ አንባቢው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ በምትንደቀደቀው ሞተር ሳይክል ሆድ ላይ ወደ ግራ አንሸራተተ። እጀታው ላይ ስልኩን አስደግፏል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል።

ዳቦ ጋጋሪው እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ሥር ቆሟል። ሞተሯን ሊገዛ ነው የመጣው። የባለቤቱን፣ የቆጣሪ አንባቢውን ቃል አላመነም፤ ሞተሬ ታማለች ብሎ የሚሸጥ ሰው አይቶ አያውቅም። "ጆሮው ይመስክርላትና እንጨባበጣለን" ብሎ ነበር።

ጆሮው የሚሉት ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰው፣ የከተማዋን ደህና መካኒክ ነው። ሌሎች የሉም ማለት አይደለም። አንዱ ድሮ በር ይበይድ የነበረ ነው፤ ዛሬም በሽታውን ሁሉ በብየዳ ያክማል። ሌላው ሲፈታ ለጉድ ነው፤ ሲገጥም ግን ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። የተረፈውንም "ድሮም ትርፍ ነበር" ብሎ ለባለቤቱ በክብር ያስረክባል። ጆሮው ግን ምንም ሳይፈታ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና "ቫልቭ ነው" ይላል። ቫልቭ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ሚስቱን ተከትሎ ትልቁ ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ አንባቢው ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልለታል። ምርመራው ጊዜ አይፈጅም፤ የሚፈጀው ከምርመራው በኋላ ያለው ወሬ ነው። ጆሮው አዲሱን ጋራዥ ያማርራል። "እዚህ የሚያዳምጥ የለም። ካንዴላ ቆሸሸ? ቀይር። ካርቡራተር ተደፈነ? ቀይር። አንድ ቀን እኔንም መቀየራቸው አይቀርም።"

ቆጣሪ አንባቢው በበኩሉ የሥራውን ያወራል። ሳምንቱን ሙሉ የሚነጋገረው ከበር ጋር ነው። "ማነው?" ይላል በሩ። "ቆጣሪ ላነብ ነው።" "ቆጣሪው ውጭ ነው ያለው!" ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መልስ አይጠብቅም።

አንድ ሳምንት የጆሮው ስልክ አልሠራ ቢለው ሞተሯን ወደ በያጁ ወሰዳት። በቀጣዩ ቅዳሜ ገና ካቻቢቴው ሲያርፍ፣

"ማን ነካት?" አለ ጆሮው።

"ማንም።"

"ተው አትዋሸኝ። እየሰማሁ ነው።"

እስኪታረቁ ሁለት ቅዳሜ ፈጀባቸው።

ሞተሯ ትሸጥ ያለችው የቆጣሪ አንባቢው ታላቅ እህት ናት። ባለፈው ወር የሩቁ ሰፈር መንገድ ላይ የቤንዚን ቱቦዋ ተደፍኖ ቀጥ አለችበትና ሜዳ ላይ አደረ። የጠበቀው ሰው አልነበረም። እህቱም ያወቀችው በማግስቱ ስለ ሌላ ጉዳይ ስትደውል ነው።

"አየህ" አለችው። "ገደል ብትገባ እንኳ የሚፈልግህ የለም። መካኒክ በሌለበት ሞተር ምን ይሠራልሃል? ሽጣትና በእግርህ ሂድ።"

"እሺ" አላት።

"በቃ፣ አንሳው" አለ ጆሮው አሁን። ቆጣሪ አንባቢው ገዢው እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ። "ጌታው፣ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛት።"

"ተባረክ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"ድምፅ ከቀየረች ደውልልኝ። ካቻቢቴውን እንዴት እንደምትይዝ አሳይሃለሁ።"

"ኧረ ምን አስቸገረህ! የሚስቴ ወንድም መለዋወጫ ቤት አለው። እሱ ነካ ነካ ያደርግልኛል።"

"ጥሩ ነው" አለ ጆሮው። "እንግዲህ ወዳጄ፣ ከቅዳሜ ቅዳሜው ስልክ ተገላገልክ።"

"ተገላገልኩ" አለ ቆጣሪ አንባቢው።

ዳቦ ጋጋሪው እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ዱቄት ጥፍሩ ሥር ገብቷል። ቆጣሪ አንባቢው እጁን አየው፤ ግን አልጨበጠውም።

"ቆይ እስቲ" አለ። "አንድ ድምፅ አለ።"

"ምን ዓይነት?" አለ ስልኩ።

"ቀጭን። ከሥር የሚመጣ።"

"እስቲ አስጠጋው።"

እንደገና ተንበረከከ። ሞተሯ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን በእርጋታ ትተነፍሳለች። ቆጣሪ አንባቢው ቀና ብሎ ማንንም ማየት ፈራ።

"አዎ" አለ ጆሮው። "ሰማሁት።"

"ምንድነው?" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"በአንድ ጊዜ አይለይም። ክትትል ይፈልጋል።"

"እስከ መቼ?"

"እሱን የምታውቀው ሞተሯ ራሷ ናት።"

ዳቦ ጋጋሪው እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። "ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እኔ ዳቦ ነው የማመላልሰው፤ ዳቦ ደግሞ ክትትል እስኪያልቅ አይጠብቅም" ብሎ ወጣ።

ሁለቱ ሰዎች ሞተሯን እያዳመጡ ቆዩ።

"ስሜን አጠፋኸው" አለ ጆሮው።

"እኔ ምን አልኩ? ሰማሁ ያልከው አንተ ነህ።"

"እህትህን ምን ልትላት ነው?"

"እንጃ።"

ጆሮው ጉሮሮውን ጠረገ። "ስማ። ከዛሬ ጀምሮ ስትወጣ ንገረኝ፣ ስትገባም ንገረኝ። ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ። ካላነሳህ በያጁን እልክብሃለሁ።"

"በያጁን?"

"ታዲያ እዚያ ሌላ ማን አለኝ?"

ቆጣሪ አንባቢው ሳቀ። ባዶው ቤት ሳቁን መልሶ ሲያሰማው ራሱ ደነገጠ። ቅዳሜ ስለሆነ የሚነበብ ቆጣሪ የለም። ቢሆንም ሄልሜቱን ከምስማሩ አወረደ።

"እንዲያውም አሁን ልወጣ ነው" አለ።

"በቅዳሜ ቀን? ወዴት?"

"ቅርብ ነው" አለ፣ የት እንደሚሄድ ገና ሳያውቅ። "ስገባ እደውልልሃለሁ።"