ሌላ የሚጠይቁት ነገር አለ?

"ካርዱን የወሰደ መብቱን ሸጠ!" አለ ባለ ኮፍያው ለአሥረኛ ጊዜ። "ካሳ የለ፣ ምን የለ! የወንድሜ ሚስት ዘመድ ላይ የደረሰ ነው። በአንድ ዳቦ ስንቱን ገንዘብ አስረክቦ እጁን አጨብጭቦ ገባ።"

ባለ ኮፍያው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ሻንጣውን እየጎተተ ሲሰለፍ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ነበር፤ በረራው መሰረዙ በድምፅ ማጉያው ከተነገረ በኋላ ግን በአንድ አፍታ የሕግ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰውም አመነው። ከአየር መንገዱ መስኮት ላይ የነጻ ምግብ ካርዶች ተደርድረው ሳለ፣ ስልሳ የሚሆን ተሳፋሪ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከምግብ ቤቱ መስታወት ጀርባ ያለውን ዳቦ እያየ ምራቁን ይውጣል።

ጠራዧም አምናው ነበር። ማተሚያ ቤት ተቀጥራ መጻሕፍት ስትጠርዝ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ እጇ የገባውን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ወደ መቁረጫው አትሰድም። አማቷ "መቀሴ" ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ከሥራዋ ሳይሆን ከምላሷ ተነስተው ነው።

አማት አጠገቧ፣ ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ርቆ ባለው የፊተኛው ረድፍ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ደግሞ የዓይን ሞራ ሸፍኖት ከሰው የሚያዩት ጥላውን ብቻ ነው። ልጃቸው ጠራዧን ካገባ ሦስት ዓመት ቢሆነውም የምራታቸውን መልክ አንድ ቀን እንኳን አላዩም። ከሩቅ አገር የሚመጣ ሐኪም "ይህ ዓይን ይድናል" ብሎ ቀጥሯቸዋል። ሐኪሙ የሚሠራው እስከ ነገ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነው። እስከዚያ ደግሞ ያ ዓይን አይጠብቅም ተብለዋል።

"እማማ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለች ጠራዧ።

"ብርድ ነው።"

"በዚህ ሙቀት?"

"እንግዲያው ደስታ ነው በይው።"

ጠራዧ ነገሩ ገባት። አማቷ አውሮፕላን ላይ ምግብ አለ ተብለው የስኳር መድኃኒታቸውን በባዶ ሆዳቸው ውጠዋል። በቦርሳ የያዙት ብስኩት አልቋል። የምግብ ቤቱን ዋጋ ሄዳ አይታ፣ ለሆስፒታል የያዘችውን ገንዘብ በልብሷ ላይ ዳብሳ ተመልሳለች።

"ካርዱን ላመጣ ነው።"

"ተይ እንጂ፤ ካሳውስ? ልጄ ለዚህ ትኬት ያልተበደረው ሰው የለም።"

"እርስዎ እዚህ ተዘርረው እኔ ካሳ ልቆጥር? አይነሱ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ።"

ባለ ኮፍያው ከሩቅ አያት። "እቱ! ወዴት ነው? ካርዱን እንዳትነኪ!"

"ጋሼ፣ መብቴን ልሸጥ ነው። ገዢ ካለ ይከተለኝ!"

ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ወጣት ነች፤ አንገቷ ላይ የአየር መንገዱን ሻርፕ አስራለች። ከኋላዋ በመስታወት ክፍል ውስጥ አለቃዋ እግሩን አነባብሮ አዳራሹን ይቃኛል። ሠራተኛዋ ሁለት ካርድ ቆጥራ ሰጠቻት።

"የት ነው የምፈርመው?"

"ፊርማ አያስፈልግም። ጉዟችሁን በተመለከተ፣ ወይ ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል፣ ወይ ከነገ ወዲያ ጠዋት በእኛው በረራ ትሄዳላችሁ።"

"አማቴ ነገ ጠዋት ዓይናቸውን የሚሠሩበት ቀጠሮ አላቸው። ከነገ ወዲያ ሐኪሙ የለም።"

ሠራተኛዋ ከጠራዧ ትከሻ በላይ አሻግራ አሮጊቷን አየቻቸው። "አዝናለሁ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝግ አደረገች። "ሌላ የሚጠይቁት ነገር አለ?"

"የለም።"

"ስለ ጉዞው ማለቴ ነው። የሚጠይቁት ነገር የለም?"

"ምን ልጠይቅ? አውሮፕላን በኪስዎ ይዘዋል?"

ሠራተኛዋ ቀላች። ወደ መስታወቱ ክፍል ሰረቅ አድርጋ አየችና "የፈለጉትን መጠየቅ ይችላሉ። እርግጠኛ ነዎት፣ ሌላ ጥያቄ የለዎትም?" አለች።

ጠራዧ ደሟ ፈላ። ሰው በጭንቅ ላይ እያለ ከማሽን እንደተቀዳ አንድ ነገር መደጋገም ምን ይባላል? ካርዶቹን ይዛ ዞረች።

ዳቦ በእንቁላልና ሻይ ይዛ መጣች። አማቷ ቀስ ብለው በሉ። ሻዩን ሲያጋምሱ እጃቸው ረጋ። ጠራዧ ዕቃ የጠፋባት ይመስል ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ዓይኗን ጠራረገች።

"ያቺ ልጅ ምን በድላሽ ነው የተቆጣሻት?" አሉ አማት።

"አላገጠችብኝ።"

"አላላገጠችም። ሦስት ጊዜ ጠየቀችሽ፤ ቆጥሬያለሁ። ሊያባርርሽ የፈለገ ሰው ሦስቴ ይጠይቅሻል?"

"ሥራዋ ነዋ፣ እማማ። እንደዚያ በሉ ተብለው ነው።"

"እናንተ ዓይን አላችሁ፣ ሻርፑን ታያላችሁ። እኔ የቀረኝ ጆሮ ነው። በመጀመሪያው ጠየቀችሽ፤ በሁለተኛው መከረችሽ፤ በሦስተኛው ለመነችሽ። አንድ ነገር ጠይቂኝ እያለችሽ ነው።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! አንባቢዋ አንቺ።"

ጠራዧ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤቱ የአንድ ባንክ ቅጽ ሲሠራ የተደረገው ትዝ አላት። አንደኛው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ "ፊደሉ ይነስ፣ አሁንም ይነስ" እየተባለ አራት ጊዜ ተመልሶ ነበር። በሕግ መታተም ያለበትን፣ ነገር ግን እንዲነበብ የማይፈልጉትን ነገር ሰዎች የት እንደሚያስቀምጡት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ተነሳችና ግድግዳውን ታስስ ጀመር።

የባሕር ዳርቻ፣ ተራራ፣ ሽቶ፣ የእጅ ሰዓት። ከመስኮቱ ጎን ሻንጣ ይዛ የምትስቅ ሴትዮ የታተመችበት፣ ሰው የሚያክል የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሟል። ጠራዧ አንገቷን አስግጋ ከጀርባው አየች። በክፈፍ የተሰቀለ፣ የተሳፋሪን መብት የሚዘረዝር ወረቀት አለ። ሳቂታዋን ሴትዮ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጎን ገለል አደረገቻትና ተንበርክካ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አራተኛው አንቀጽ፣ ምግብና ማረፊያ የተቀበለ ተሳፋሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ እንደማይቀርበት ይናገራል። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጉልበቷን አራግፋ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"ጥያቄ አለኝ።"

ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። "ይጠይቁ።"

"በሌላ አየር መንገድም ቢሆን፣ ዛሬ የሚነሳ በረራ ካለ በእናንተ ወጪ እንድትልኩን እጠይቃለሁ።"

ልጅቷ ታፍኖ የቆየ ትንፋሿን ለቀቀችው። ምንም አልፈለገችም፣ ምንም አላገላበጠችም፤ ገጹ ፊቷ ላይ ተከፍቶ ይጠብቅ ነበር። "አለ" አለች ጮክ ብላ፣ አለቃዋ እንዲሰማ። "ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ይነሳል።" ከዚያ ወደ ማተሚያዋ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ "ሁለት ወንበር ይዤላችሁ ነበር። የምትቆዪ መስሎኝ ልቤ ሊወጣ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ጠራዧም ሳታስበው አንቱታውን ጣለችው።

"ካልተጠየቅን አንናገርም፤ መመሪያ ነው። ከተጠየቅን ግን መከልከል አንችልም።" ሁለቱን የመሳፈሪያ ወረቀቶችና አንድ የካሳ ማመልከቻ ቅጽ በመስኮቱ አሾለከችላት።

ለነገረኛም ለአለቃም መልስ አጥታ የማታውቀው ጠራዧ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ይዛ  "ያሳደገችሽ እናት ትባረክ" ብቻ አለች።

"ይሂዱ፣ በሩ ይዘጋል" አለች ሠራተኛዋ፤ ቀና አላለችም፤ ጆሮዋ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር።

ጠራዧ አማቷን ደግፋ ሻንጣውን እየጎተተች አዳራሹ መሐል ደረሰችና ቆመች።

"ምን ሆንሽ? ያመልጠናል እኮ!" አሉ አማት።

"አንዴ፣ እማማ።" ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ስሙኝ! ካርዳችሁን ውሰዱና ብሉ፤ ካሳችሁን አይነካም። ከዚያ በሌላ አየር መንገድ ላኩን ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ያላመነኝ ከሳቂታዋ ሴትዮ ጀርባ ተጽፎለታል!" ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም ልትል ነበር፤ ልጅቷን አስባ ዋጠችው።

ባለ ኮፍያው ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። "እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስል ነበር!" እያለ ሰውን በክርኑ ገፍቶ የመስመሩ ራስ ሆነ።

አማት አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ሳቃቸው አልቆመም።

በማግስቱ ሐኪሙ ዓይናቸውን ሠራ። ከቤት በወጡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፋሻው እስኪፈታ ድረስ፣ ጠራዧ በሆስፒታሉ መተላለፊያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የካሳ ቅጹን ትሞላ ነበር። የበረራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የተጓዦች ብዛት። ከታች፣ በዚያው በለመደችው ደቃቅ ፊደል፣ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ፦ በሌላ አየር መንገድ መጓዝ እንደሚችሉ ያሳወቀዎት ሠራተኛ ካለ ይግለጹ።

እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። ስለዚያች ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ አማራት። የመስኮቱን ቁጥር ታውቀዋለች፤ ከተነሱበት ሰዓት ጀምሮ በልቧ ስታመሰግናት ነው የሰነበተችው። ግን ይህን ወረቀት የሚያነበው ማን ነው? ለመሸለም ነው የሚጠይቁት ወይስ ለመቅጣት? እያንዳንዱን ፊደል አጥብቃ ጻፈች፦ "ማንም አልነገረኝም። ግድግዳ ላይ አንብቤ ራሴ ጠየቅሁ።" ፖስታውን ልሳ አሸገችው።

"የአሮጊቷ አስታማሚ!" ነርሷ ከበሩ ላይ ጠራቻት።

አማት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፋሻው ተፈትቷል። ጠራዧ ስትገባ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉና ፊቷ ላይ አሳረፉት። ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ከአገጯ እስከ ግንባሯ ሄዱ፤ ተመለሱ።

"መቀሴ?"

"አቤት፣ እማማ።"

"ለካ ቆንጆ ነሽ! ልጄ ያንን ምላስ እንዴት ቻለው እያልኩ ሦስት ዓመት ስገረም ነበር።"

ጠራዧ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። አማቷ በመዳፋቸው ጉንጯን አበሱላት፤ በዳበሳ ሳይሆን እያዩ። "ተመስገን። ያቺንም የመስኮት ልጅ ክፉ አይንካት" አሉ።

ነርሷ ጠብታውን ከትንሽ ወረቀት ጋር ለጠራዧ አቀበለቻት። "ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ። ዛሬ ከሰዓት ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ያያቸዋል።"

"ዶክተሩ? የመጨረሻ ቀኑ ትናንት አልነበረም እንዴ?"

"ኧረ ቆይታውን በሁለት ሳምንት ካራዘመ ሰነበተ" አለች ነርሷ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ እየሄደች። "እንዴ፣ አልደወሉላችሁም?"