የሽሻይ መርከቦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ እንዴትስ ብዬ፣ አባ፣ ጨዋታ ናፈቀኝ ልበላቸው? ዩኒቨርሲቲ የማስተምር ሴት፣ ከጦርነቱ ያልተመለሰ ወንድሜ ተዝካር ወጥቶለት፣ እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ የማስበው ስለ ጠፈር መርከቦች ነው። ስለ ሽሻይ አይደለም። ስለ መርከቦቹ።

ውሸቴን ነው፣ ስለ ሽሻይም ነው።

ኣንዶም ነው የቀሰቀሰብኝ። አብሮ አደጉ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ በተረፈችው አንድ ዓይኑ እያየን፣ ሽሻይ እኮ ገና በልጅነቱ አዛዥ ነበር ይላል፣ ቁሓ ከተማ አባታቸው ጌም ቤት እያላቸው፣ ያን የጠፈር ጦርነት ስንጫወት ማናችንም አሸንፈነው አናውቅም፣ በጫጫታ ማሰብ አልችልም ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ኮምፒውተር ይገባል፣ ከዚያ መርከቦቹ እንደ አንበጣ ይወርዱብናል፣ አንዲቱን ግን ገና ሲጀምር ወደ ካርታው ጥግ ይልካታል፣ ምንም ሳትሠራ እዚያ ትቆማለች፣ ለምን ብንለው አይነግረንም። ሰው ሳቀ። ኣደይም ሳቀች፣ እናቴ፣ መርዶው ከመጣ ወዲህ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ኣንዶም ወደ እኔ ዞሮ፣ ፍሬወይኒ፣ አንቺ ሻይ ታመጪልን ነበር፣ ታስታውሻለሽ?

አስታውሳለሁ አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ እኔ ነበርኩ። ሴት ልጅ ጌም ቤት ከወንድ ጋር ስትጋፋ ማን ዝም ይላል፣ ስለዚህ ፍሬወይኒ እያጠናች ነው ይባላል፣ ደብተሬ ጭኔ ላይ፣ ማውሱ እጄ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ገመድ በመጋረጃው ሥር፣ ሽሻይ ጎኔ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ፉከራውን ይለቅባቸዋል፣ ኣታ ኣንዶም፣ መርከብህን በአህያ ነው እንዴ የምታስጎትታት! ቀስ ብሎ ደግሞ በጆሮዬ፣ ቶሎ አትጨርሺው፣ በሰዓት ነው የሚከፍለው። ሲያልቅ ግንባሩን በውሃ አርሶ፣ እንደ ደከመው ሰው እያለከለከ ይወጣል፣ ጭብጨባው ለእሱ፣ እኔ ሻይ ይዤ እከተላለሁ። አይከፋኝም ነበር። ያኔ። ዛሬ ግን፣ በተዝካሩ፣ ብድግ ብዬ እኔ ነበርኩ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፣ ከሞተ ሰው ልነጥቅ፣ ከገዛ ወንድሜ።

ከዚህም የባሰ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ላይ ያ የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ኪዳነ ምሕረትን እየጠራ አልጋ ሥር ሲገባ፣ ለአንድ አፍታ እጄ ማውስ እንደያዘ ሰው ጎበጥ አለ፣ የመርከቦቹ ሰማያዊ እሳት እንዴት ያምር ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ሽሻይ የት እንዳለ እንኳ ሳላውቅ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ያን ያህል መርከብ አቃጥዬ ውስጣቸው ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም፣ አሁን አውቃለሁ፣ አውቄም ይናፍቀኛል፣ መጋረጃው፣ የቆሎው ድምፅ፣ ማሸነፉም፣ አዎ ማሸነፉም። ብናገርስ፣ የኣደይ ሳቅ የት ይገባል? ያ ሁሉ ሰው ይዞት የሄደው ሽሻይስ?

ብርጭቆው ንጹሕ ነው። ደግሜ አጥበዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሮማናት አደባባይ፣ ኣንዶም ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ ሄድኩ። ስልኬ አስቸገረኝ አልኩት፣ ስልኬ ደህና ነው። የትናንቱን ጨዋታ ሳነሳበት ፊቱ በራ፣ አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ አለ እኮ፣ ነይ ሓብተይ፣ እህቴ፣ ላሳይሽ፣ ሽሻይ እንዲህ ነበር የሚያደርገው አለና ወንበር ስቦልኝ አንዲቱን መርከብ ወደ ጥግ ላካት፣ ወደ እኔ ጥግ። ለምን እንደሆነ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም አለ።

አንዷ እንድትተርፍ ነዋ፣ አልኩት፣ ሌሎቹ ሁሉ ቢያልቁ እሷ እንደገና እንድትጀምር።

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። ሽሻይ ነግሮሽ ነበር?

አይ ኣንዶም፣ አልነገረኝም።