ቀባሪ ያለው ቤት

የእህቴ ባል ኦላቭ ነገሌ ቦረና የገባ ዕለት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወንበር ይዞ ወጥቶ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት እኛ ሰፈር ፍየል እንኳ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ትጠጋለች። ሰውዬው ግን ሸሚዙን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠበል እንደሚፈስበት ሰው "እሰይ! እሰይ!" ይላል።

"ይሄ ሰው ጤና ነው?" አለችኝ ባለቤቴ ብዙወርቅ በመስኮት እያየችው።

እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር።

ኦላቭ ዕድሜውን ሙሉ ኖርዌይ ውስጥ መንገድ የዘጋ በረዶ በትልቅ መኪና ሲገፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በረዶው ሌሊት ይወርዳል፣ ጠዋት እሱ ይገፋል፣ ማታ ደግሞ ይወርዳል። ጡረታ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ። በረዶ የሚባል ነገር መሬቱን ነክቶት በማያውቅ አገር ቤት ገዝቶ መሞቅ። ታይላንድን አየ፣ ስፔንን አየ፣ አልጣመውም። በመጨረሻ እህቴን "ያንቺ አገርስ?" አላት።

እህቴ ዲቦራ እዚሁ የተወለደች ናት። አባታችን እዚህ ጦር ሰፈር መቶ አለቃ ነበር። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን እሷ በሞያሌ አድርጋ ወደ ኬንያ ተሻገረች፣ ከዚያም ኖርዌይ ገባች። እኔ ቀረሁ። አይሱዙ ገዝቼ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ ጭነት ማመላለስ ጀመርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እህቴን ያገኘኋት በስልክ ነው። ስለዚህ ቤት ሊገዙ መጡ ሲባል ልቤ ዘለለች፤ አልደብቅም። የሚሸጠው ቤት ደግሞ ከእኔው ግድግዳ ጋር የሚዋሰነው የወይዘሮ ማሚቱ ቤት ነው። ማሚቱ ሻኪሶ ያለች ልጇ ዘንድ ልትጠቃለል ነው። እህቴ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ እንድትኖርልኝ ፈለግሁ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ኦላቭ ቤቱን ሳያየው፣ ፀሐዩን ብቻ አይቶ፣ "እንገዛለን" አለ። እንቢ ያለችው ያገሩ ልጅ ናት!

"ጋሽዬ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ" አለችኝ ዲቦራ አንድ ማታ። "ቤቱ በስሜ ይሆናል፣ እሱም ችግር የለውም። ግን እኔ ብቀድምስ? ይሄ ሰው እዚህ ማን አለው? ማን ይቀብረዋል?"

"ምነው ዲቦ፣ ገና ሳትገቢ ስለ መቃብር ታወራለሽ?"

"አንተ አታውቀውም። እማዬ የሞተች ጊዜ እኔ እዚያ ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት ጎረቤቴ መርዶዬን ሰምታ አበባ አመጣች። ደጃፌ ላይ አስቀምጣ፣ እንዳትረብሸኝ ብላ ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። ያን ቀን የሰው ድምፅ ርቦኝ ዋልኩ። እሱን እዚህ እንደዚያ አላደርገውም። እድሩ እንደ ሰው ከተቀበለው እገዛለሁ፤ ካልተቀበለው ከነፀሐዩ ይቅር።"

እድር ከሆነ እድሩን አሳምናለሁ አልኳት።

የእድራችን ዳኛ ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ ናቸው። ከጦሩ በጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጦሩ ግን ከእሳቸው አልወጣም። እድሩ ውስጥ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ቦረናውም፣ ከሰሜን የመጣውም አለ። ሁሉንም በአንድ ረድፍ አሰልፈው ነው የሚመሩት። እሑድ ስብሰባ ላይ ኦላቭን ይዤ ቀረብኩ።

ኦላቭ እድርን እንደ ኢንሹራንስ ነው የተረዳው። ተነሥቶ ቆመና፣ ዲቦራ ባስተማረችው አማርኛ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

"አባል ከሆንኩ፣ ምን አገኛለሁ?"

"ስትሞት እንቀብርሃለን" አሉት ሃምሳ አለቃ።

"እስከዚያስ?"

"ትቀብራለህ።"

ሰዉ ሳቀ። ኦላቭም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቁም።

"ቤት በገንዘብ ይገዛል፤ ጎረቤት ግን አይገዛም" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "መጀመሪያ ዓይናችን ይየው። ለቅሶ ሲመጣ እንፈርዳለን።"

እግዜር ይቅር ይበለን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የሰው ሞት የሚጠበቅ ሆነ። ብዙወርቅ የጎረቤት ሳል በሰማች ቁጥር ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ጎዳና ታላቅ ወንድም አረፉ። ጎዳና ከማሚቱ ቤት ማዶ ያለ የቦረና ሽማግሌ ነው። ወንድሙ ዕድሜ የጠገቡ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ ሰው ነበሩ። ችግሩ ግን እኔ የዚያን ዕለት ፊልቱ ፍየል እየጫንኩ ነበር። ዲቦራ ደግሞ ለቤቱ ወረቀት ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዳለች። ብዙወርቅ ገና በማለዳ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ቤት ገብታ በዚያው ቀረች። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ በሬዎቹ ሁሉ የሉም።

ኦላቭ ለቅሶ አልደረሰም። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ አጠገቡ ተተክሎ፣ ብቅ አላለም።

ከፊልቱ ስመለስ ሃምሳ አለቃን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉኝና፣ "አማችህ ታሞ ነው?" አሉኝ። "ታሞ ከሆነ እንጠይቀው። ደህና ከሆነ ግን ቤቱን ሌላ ሰው ይግዛው።"

ማሚቱም በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። "ሽመልስ፣ አትቀየመኝ። እኔ ብሄድም ስሜ እዚህ ይቀራል። ጎረቤቶቼን የማይቀብር ሰው አምጥታ ጣለችብን እንድባል ትፈልጋለህ?"

በንዴት ነድጄ ቤት ገባሁ። ኦላቭ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አልነበረም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

"ለምንድን ነው ያልሄድከው?" ጮህኩበት።

"ማንም አልጠራኝም" አለኝ ግራ ገብቶት። "የሞተውን ሰው አላውቀውም። በእኛ አገር ሀዘን ያለበት ቤት አይረበሽም። ስለዚህ መስኮት ዘጋሁ። ሬዲዮ አጠፋሁ። ተቀብሮ እስኪመለሱ አልበላሁም።"

ብዙወርቅን ዞሬ አየኋት። "እውነቱን ነው" አለች። "ያስቀመጥኩለት ምሳ እንዳለ ነው ያገኘሁት።"

ንዴቴ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ሰውዬው ብቻውን፣ በዚያ ሙቀት፣ መስኮት ዘግቶ፣ ለማያውቀው ሽማግሌ ጾሞ ሲያዝን ውሏል። ያየው ሰው ግን የለም! ይሄን ለሃምሳ አለቃ ብነግራቸው "የተደበቀ ሀዘን" ብለው ይስቁብኛል።

"ስማኝ ኦላቭ" አልኩት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። "እዚህ አገር ለለቅሶ ማንም አይጠራህም። ድንኳን ካየህ ትገባለህ። 'እግዜር ያጥናችሁ' ትላለህ። ትቀመጣለህ፣ አታወራም። ሰው ሲያለቅስ ከመጣልህ ታለቅሳለህ።"

"ድንኳን ካየሁ እገባለሁ" አለ። ቀኑን ሙሉ "እግዜር ያጥናችሁ"ን ሲለማመድ ዋለ። አንድ ነገር ብቻ ሳልነግረው ቀረሁ። ከቶ ትዝም አላለኝም።

በሳምንቱ እሑድ የሃምሳ አለቃ የልጅ ልጅ መቅደላዊት ተዳረች። እኛ ሰፈር የጥሪ ካርድ ሲጻፍ እንግዳ ያለበት ቤት "ከነእንግዳችሁ" ይባላል። የእኛ ካርድ ላይ ግን የእኔና የብዙወርቅ ስም ብቻ ነው ያለው። ኦላቭ ተዘሏል። ሰውዬውን ማሳዘን አልፈለግሁም፤ "ጎማ ላስጠግን ነው" ብዬው ወጣሁ። በሱፍና በከረባት ጎማ የሚያስጠግን ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አፍጥጦ አየኝ።

የሠርጉ ቤት ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል። ሙሽሮቹ ለፎቶ ሄደው ዘግይተዋል። ሰው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ፣ ርቦት፣ ተክዞ ተቀምጧል። ከፊት ለፊት የሃምሳ አለቃ ትልቁ ወንበር ጋቢ እንደለበሰ ባዶውን አለ፤ እሳቸው ኒሻናቸውን ፍለጋ ጓዳ ገብተዋል። ድንኳኑም የእድሩ ድንኳን ነው። ለለቅሶም ለሠርግም ያለችን እሷው አንዷ ናት።

አዎ፣ ያልነገርኩት ይሄንን ነው።

አንገቴን ቀና ሳደርግ ኦላቭ ጥቁር ሱፉን ለብሶ በድንኳኑ አፍ ቆሟል። ልጠራው ብድግ ስል ቀደመኝ። አንገቱን ደፍቶ ገባ። የሙሽራዪቱን እናት በሁለት እጁ ጨበጣትና፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አላት። ለአክስቷም "እግዜር ያጥናችሁ።" ለሚዜዎቹ እናቶች ሁሉ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ ፊት ሄዶ ባዶውን ወንበር አየ። ጋቢውን በእጁ ነካ። አጠገቡ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ። የውሸት አይደለም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል።

"ሟርት!" ጮኸች አክስቲቱ። "በልጄ ሠርግ ሟርት! አስወጡልኝ ይሄን ሰው!"

ሁለት ጎረምሶች ተነሡ። እኔ አለቀ አልኩ። ቤቱም ሄደ፣ እህቴም ሄደች።

በዚህ መሀል ሃምሳ አለቃ ኒሻናቸውን እያንቃጨሉ ከጓዳ ብቅ አሉ።

ኦላቭ አያቸው። ብድግ አለ። "አልሞትክም!" ብሎ ጮኸና ሮጦ አቀፋቸው። ማቀፍ ብቻ አይደለም፣ ከነኒሻናቸው ከመሬት አነሣቸው። ሃምሳ አለቃ እግራቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የወታደር ክብራቸውን እንደምንም ጠብቀው ጠየቁ።

"ማን ነው የሞተው?"

"አንተ!" አላቸው ኦላቭ፣ እያለቀሰም እየሳቀም።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቅቶት ፈነዳ፤ ከዚያ የሚያቆመው ጠፋ። አክስቲቱ ግን አልሳቀችም፤ "ሟርት ነው" እንዳለች ናት። ያን ጊዜ ጎዳና በትሩን ተደግፎ ተነሣ። ወንድሙን የቀበረው እሱ ነው፣ ቂም የሚገባውም እሱ ነው፤ ሁሉም ጆሮ ሰጠው።

"ናጋ፣ ሰላም ይሁን" አለ። "ለኔ ወንድም አልመጣም ብላችሁ ይሄን ሰው ጠላችሁት። ማንም አልጠራኝም ማለቱን ብዙወርቅ ነግራኛለች። ዱጋዳ፣ እውነቱን ነው፤ የሚያውቅ ሰው አልነገረውም። ዛሬስ ማን ጠራው? ካርድ ላኩለት እንዴ? የሃምሳ አለቃ ደጅ ድንኳን አየ፣ መጣ፣ አለቀሰ። ለቅሶ መድረስ ማለት ሌላ ምን አለው?"

ሃምሳ አለቃ ትልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወደ ኦላቭ ዞሩ።

"እኔ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ" አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "እኔን ማን እንደሚያለቅስልኝ ግን አላውቅም ነበር። ፊቴን ያዞርኩበት ሰው ነው ለካ!" ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ትእዛዛቸው ተመለሱ። "ይሄ ሰው ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ አባል ነው። የሚቃወም ይነሣ!"

ማንም አልተነሣም። አክስቲቱ ብቻ ሟርቱ እንዲሻር ኦላቭ መጨፈር አለበት አለች። ያኔ መብራት መጣ፣ ድምፅ ማጉያው አገሳ፣ ሙሽሮቹም ደረሱ። ኦላቭ መሀል ገባ። እስክስታ ነው ብሎ በትከሻው በረዶ ሲገፋ፣ ሙሽሪት በሳቅ ቬሏ ወለቀ።

እኔ ከድንኳኑ ወጥቼ ዲቦራ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ሳልተነፍስ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"አለቀሰ ነው የምትለኝ? ኦላቭ?"

"በሰው ሁሉ ፊት!"

"ጋሽዬ፣ እናቱን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም። አንድ ጠብታ። ለካ አብሮት የሚያለቅስ አጥቶ ነው።" ትንፋሿን ሰማሁት። "በል ለማሚቱ ቀብዱን ስጣት። እመጣለሁ።"

ማሚቱ ድንኳኑ በር ላይ ጆሮዋን ቀስራ ነበር። እንኳን ልነግራት፣ ፊቴን ስታይ ጊዜ እልልታዋን አቀለጠችው። ውስጥ ያሉት ሴቶች ለሙሽሪት መስሏቸው ተቀበሏት። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ፣ በስድሳ ዓመቴ፣ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመርኩ። እህቴ ወደ ቤቷ ልትመጣ ነዋ!

ኦላቭ ላቡን እየጠረገ ወጣ። እኔን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈገግታውን ሰበሰበ። ዘሎ ማቀፉን ትቶ፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ቃኘና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ሽመልስ፣ ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?"

"ሠርግ ነው" አልኩት፣ ዓይኔን በከረባቴ እየጠረግሁ።