ለሁለት ኳስ የተነሳች እጅ

ጉልዛር ክሪኬት ይወዳል፤ አዲስ ደንብ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ይጠላል። ይህን የማያውቅ የሞዛንግ ሰፈር ሰው፣ ከላሆርም ክሪኬት ተጫዋች የለም። ወርዋሪ መስመር ሲረግጥ ለመቺው ነፃ ምት ይሰጠው የተባለ ጊዜ «ለምን ፍራሽም አያነጥፉለትም?» ብሎ ሜዳውን በሳቅ አፍርሶታል። ኳስ በምራቅ ማሸት ሲከለከል ግን ብዙም አልጮኸ። ላብ አልተከለከለማ! ላቡ ደግሞ የሰርመድ ሥራ ነበር።

ሰርመድ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ «ኡስታድ»፣ መምህሬ፣ እያለ ይጠራዋል፤ በቡድኑ ውስጥ ኳስ የሚያሸውም እሱ ነው። ለዚህ ሥራ በየቡድኑ አንድ ሰው ይመረጣል። ሰርመድ የኳሱን አንድ ጎን በላቡ እያራሰ ሱሪው ላይ ያሸዋል፣ ያበራዋል፤ ሌላው ጎን እንደሻከረ ይቆያል። ሻካራውን ጎን ሌላ ሰው በላበው እጁ ከነካው እናቱን እንደሰደቡበት ይቆጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያ ያረጀ ኳስ ከጉልዛር እጅ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ይሄድና መቺው አጠገብ ሲደርስ ድንገት ታጥፎ የእግሩን ጣት ይፈልጋል። ጉልዛር አርባን አልፏል፣ ፍጥነቱም ትቶት ሄዷል። ቡድኑ ውስጥ ያቆየው ይህ ያረጀ ኳስ ብቻ ነው።

ዘንድሮ የከተማው ሊግ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ እንደ ትልልቆቹ በአንድ ጨዋታ ሁለት አዲስ ኳስ፣ ከሜዳው ሁለት ጫፎች እየተፈራረቁ የሚወረወሩ። እያንዳንዱ ኳስ የጨዋታውን እኩሌታ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ሳያረጅ ጨዋታው ያልቃል።

ክለቡ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ «አይሆንም» አለ፤ ድምፁን እንዲሰጥም ጸሐፊውን ሰርመድን ወከለ። ጉልዛር የድምፅ መብት ባይኖረውም የሊጉ ስብሰባ ላይ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ሻይና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ፓኮራ ዞረ፤ ክርክሩም ከዘይቱ በላይ ጋለ።

«ነጩ ኳስ ሲቆሽሽ መቺው አያየውም» አለ አንዱ ወፍራም የክለብ ኃላፊ።

«ካላየው መነጽር ይግዛ!» አሉ ሁሉ ጫጫ፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ሽማግሌው ዋሲም ከወዲያ። «ወርዋሪውን እጁን አስራችሁ እዚያ ልታቆሙት ነው እንዴ?»

«ጫጫ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ኳስ ከአጥር በላይ ሲበር ሊያይ ነው።»

«ታዲያ ርግብ ልቀቁለት!»

ጉልዛር እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰርመድ ግን አልሳቀም፤ ፓኮራውንም አልነካም። ይህን ጉልዛር ያስተዋለው በኋላ ነው።

እጅ ማውጣት ተጀመረ። የሁለት ኳስ ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች እኩል ለእኩል ሆኑ፣ የቀረው የሞዛንግ ድምፅ ብቻ ነበር። ጉልዛር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ፈገግ አለ። ሰርመድ ማንንም ሳያይ ለሁለት ኳስ እጁን አነሳ።

ያቺው እጅ ናት። ስንት ዓመት ኳሱን እያሸች ስታቀብለው የኖረችው እጅ። ጉልዛር ተሳስቶ ይሆናል፣ አሁን ያወርዳታል ብሎ ጠበቀ። ሰብሳቢው ቆጥሮ እስኪጨርስ ሰርመድ እጁን አላወረደም።

ስብሰባው ሲያልቅ ጉልዛር ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘው።

«ክለቡ ምን ብሎ ነው የላከህ?»

«እምቢ በል ብሎ።»

«እና?»

ሰርመድ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሺራዝ ነው» አለ። ሺራዝ አንድ ልጁ ነው፣ መቺ። «የከተማው ቡድን መራጮች ዘንድሮ እያዩት ነው። አዲስ ኳስ ሲሆን አንበሳ ነው፤ ያረጀው ታጥፎ ሲመጣበት ግን እግሩ ይተሳሰራል። ያ ኳስ ምን እንደሚያደርግ ካንተ በላይ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምሠራው።»

«ሺራዝን ዱላ ያስያዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ?»

«ብነግርህ ምን ትል ነበር?»

ጉልዛር ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ስድቡ ግን አልወጣም፤ ምን ይል እንደነበር ያውቀዋላ። ለሺራዝ ከሆነ እጅህን አንሳ፣ እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ ይለው ነበር። አንድ ቀን ተክዞ፣ በማግሥቱ ቀልዶበት፣ ቦታውን በገዛ እጁ ይለቅለት ነበር።

«አንሳ ትለኝ ነበር» አለ ሰርመድ። «ከዚያ በየዒዱ፣ በየሰርጉ አንገቴን ደፍቼ ሳመሰግንህ ልኖር ነው። ኳሱን ስንት ዓመት ያበራሁት እኔ፣ ስሙ የተጠራው ያንተ። አሁን ደግሞ ልጄም ባንተ ቸርነት ይደግ? አልቻልኩም፣ ኡስታድ። ወላሂ፣ ብትጠላኝ ይሻለኛል።»

ጉልዛር ከቡድኑ የሚወጣበት ቀንስ ደርሶ ነበር፤ ያንን ይችለዋል። ይህን ግን አልቻለውም። ወዳጁ ቢለምነው እጁን ዘርግቶ የሚሰጠውን ነገር፣ እንደ ባዕድ ከኪሱ ሰረቀው። ደረቱ ውስጥ የሚነደው ለሜዳው ይሁን ለሰርመድ መለየት አቃተው።

«ኡስታድ፣ አንድ ነገር በለኝ እንጂ» አለ ሰርመድ።

ጉልዛር ቀና ብሎ አየው።

«ብትጠላኝ ይሻለኛል አልክ፤ ይኸው፣ ተሳክቶልሃል» አለውና ደረጃውን ወረደ።